የአረብ ቤቱ ደብተርና ዝም ያለችው አክስቴ፦ ከየት ልጀምር?

የመጋላ ልጅ (ጠያቂ)

ድሬዎችና ሐረሮች፣ በዚህ ነገር ያለፈ ሰው ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው እዚህ የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የአባቴ አባት የመናዊ ነበር። እኛ ቤት ስለ እሱ የሚወራው በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ ከሁጀሪያ ተነሣ፣ ዓደን ወደብ ላይ ጭነት ተሸከመ፣ በጀልባ ጅቡቲ ተሻገረ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬ ወረደ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አረብ ቤት፣ ማለትም ሱቅ፣ ከፈተ። ስኳር፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሻይ ቅጠል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ቅመም። አያቴን አገባ፣ አራት ልጅ ወለደ፣ አባቴ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። በቃ። መቼ መጣ ሲባል አንዱ አጎቴ «ጣሊያን ሳይገባ» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ከጣሊያን ጋር ነው የመጣው፣ ለመንገድ ሥራ» ይላል። ሁለቱም ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ድሮ በየዒዱ ሲገናኙ ነበር በዚህ የሚጣሉት፤ አሁን አንዱ ጂዳ ስለሆነ በዋትሳፕ ድምፅ ይጣላሉ።

አያቴ የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ኦሮሞ፣ ከጃርሶ በኩል። ስለ እሷ «ደግ ሴት ነበረች» ከሚለው በስተቀር የሚወራ የለም።

አሁን ምን አነሣሣሽ ካላችሁ፣ የእህቴ ልጆች ስዊድን ናቸው። ትልቋ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግሽን ሠርተሽ አምጪ ተብላ ደወለችልኝ። የክፍሏ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ እየገለበጡ ስንትና ስንት ትውልድ ሲደረድሩ፣ የእኛዋ ከአያቷ በላይ የምትጽፈው አጣች። ቶሮንቶ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ምራቁን በብልቃጥ ልኮ፣ ዶላር ከፍሎ፣ «ከዓረብ ምድርና ከአፍሪካ ቀንድ ነህ» የሚል መልስ አገኘ። አቦ! ይህንንማ እኔም ቡና እያፈላሁ በነፃ እነግረው ነበር።

እጄ ላይ ያለው ንብረት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ፦ በአረብኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች፤ ፎቶው የደበዘዘ የመኖሪያ ፈቃድ ደብተር፤ ፉጣ የታጠቁ፣ ጀምቢያ (የየመን ጩቤ) ወገባቸው ላይ የሻጡ ሦስት ወንዶች የተነሡት ፎቶ (አያቴ የትኛው እንደሆነ እንኳ አንስማማም)፤ እና አንድ ወፍራም የዱቤ ደብተር። ደብተሩ በአረብኛ ነው። ግን በገጾቹ ዳርና ዳር፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ገጹን ሙሉ፣ በእርሳስ የተሳለ ክብ፣ ሦስት ጭረት፣ መሰላል፣ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶበታል። ማን እንደሣለው አላውቅም። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ቆርቆሮው ውኃ ገብቶበት ስለነበር ከሥር ያሉት ወረቀቶች ተጣብቀዋል።

ከወረቀቱ የሚበልጠው ግን አክስቴ ናት። የመጀመሪያዋ ልጅ ናት፣ ዘጠና እየቀረባት ነው፣ ጭንቅላቷ ግን ከእኔ ይሻላል። ስኳር በየዘመኑ ስንት እንደነበረ ትነግራችኋለች። ስለ አባቷ ስጠይቃት ግን «ምን ልታስመልሺ ነው?» ትላለች፣ ታስቢሕዋን አንሥታ ፊቷን ታዞራለች። እውነቷን ነው፣ በ1967 ትርፍ ቤት ተብሎ አንዱ ቤታችን ሲወረስ፣ በኋላም በሶማሌ ጦርነት ጊዜ «አረቦቹ» እየተባሉ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ሲያያቸው፣ ዝም ማለትን እንደ ንብረት ነው የያዘችው። የቀረውን ወረቀት ያን ጊዜ ራሷ እንዳቃጠለችው እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ከደብዳቤው ልጀምር ወይስ ከእሷ? ስለ አያቴ መምጣት የተመዘገበ ነገር የት ይገኛል? የተጣበቀውን ወረቀት ምን ላድርገው? ደግሞም፣ የመን ውስጥ ሌላ ሚስት ሌላ ልጅ እንደነበረው የሚያንሾካሹክ ዘመድ አለ። እሱን ካገኘሁ ምን አደርገዋለሁ?

ሸሚንደፈር ጡረተኛ

ልጄ፣ የለገሃሬ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ምድር ባቡር ነው የሠራሁት። ስለ ደብዳቤና ስለ ዘር የሚያውቁ ይነግሩሻል። እኔ ስለ ጊዜው ልንገርሽ።

ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ ግን 1909 ደረሰ። «በባቡር ወረደ» የሚለው ብቻውን ስለዚህ ብዙ አይጠቅምሽም፣ ከ1895 በኋላ ማለት ብቻ ነው። የአጎቶችሽን ጠብ የሚፈታው የዱቤ ደብተሩ ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ምንድነው? ያንን አስነብቢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጣሊያን በፊት እዚህ አገር የሚገበያየው በጠገራ ብር፣ በማርትሬዛ ነበር። አረቦች «ሪያል» ይሉታል። ጣሊያን ግንቦት 1928 ድሬ ሲገባ ሊሬ አመጣ። በመጋቢት 1933 እንግሊዝ ሲያስለቅቀን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። የኢትዮጵያ አዲሱ ብር የወጣው ሐምሌ 1937 ነው። እርግጥ ነጋዴ ማርትሬዛን ቶሎ አይተውም፣ በጣሊያንም ጊዜ በጓዳ ይዞር ነበር። ግን ሊሬና ሽልንግ ደብተር ላይ ከየት ጀምሮ እንደመጣ ካየሽ፣ ገጽ በገጽ ዓመቱን ታገኚዋለሽ። ቀን ባይጻፍበትም።

ሌላው፣ የተወረሰው ቤት። አዋጁ የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ በስሙ ቀርቦ ይህ ትርፍ ቤቴ ነው ብሎ ማስመዝገብ ነበረበት። ማኅደሩ ላይ ሙሉ ስም ሊኖር ይችላል፣ የአያት ስም ጭምር። ለማስመለስ ሳይሆን ለስሙ ብለሽ ጠይቂ። እዚያ ሄደሽ «ታሪክ ነው የምፈልገው» ካልሽ ማንም አያምንሽም፣ ግን ጠይቂ።

አያትሽ ሸሚንደፈር ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ንገሪኝ። የእኛ ቤት የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የአረብ ስም ፈረንሳዩ እንደሰማው ነው የሚጻፈው። አንዱን ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አይቻለሁ።

ጌይ ልጅ

ሐረር ጀጎል ነኝ። የእኔም ቤት ድብልቅ ነው፣ የእናቴ አያት የመን ካለው ከሐድረመውት፣ ስማቸው በ«ባ» የሚጀምር። (ስሙ በ«ባ» ከጀመረ ሐድረመውት ነው በሉ፤ የሁጀሪያ ሰው ግን እንዲህ አይታወቅም፣ የቀበሌውንና የጎሣውን ስም ይዞ ነው የሚዞረው።) እኔም እንዳንቺ ከሰውየው ነበር የጀመርኩት፣ ስለዚህ አንድ ነገር በድፍረት ልበልሽ።

እህቴ፣ ከአያትሽ ተነሺ። ከሴቲቱ።

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ እሱ ሁጀሪያ፣ ዓደን፣ ጅቡቲ፣ መጋላ አልሽ። ስለ እሷ «ከጃርሶ በኩል» ብለሽ አለፍሽ። የሁላችንም ቤት እንዲህ ነው። ባሕር የተሻገረው ሰው ታሪክ ይሆናል፣ እዚሁ የነበረችው ሴት የቤት ዕቃ ትሆናለች። ሁጀሪያ ዛሬ ጦርነቱ ባለበት አገር ውስጥ ነው፤ ጃርሶ ግን ሚኒባስ ይወስድሻል። እዚያ የጎሣ ቆጠራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ የአባቷን ስም ይዘሽ ከሄድሽ ከዚያ ወደ ላይ እነሱ ይቆጥሩልሻል። የስዊድኗ ልጅ የጎደላት ትውልድ እዚያ ነው ያለው።

የአባቷን ስም ከየት አመጣለሁ ካልሽ፣ ከኒካሕ። ኒካሕ ያለ ወሊ (ሙሽራዪቱን የሚድር ወገን) እና ያለ ሁለት ምስክር አይታሰርም፤ ወሊው አብዛኛውን ጊዜ አባቷ ወይም ወንድሟ ነው። ስለዚህ የእሱ የጋብቻ ወረቀት በተገኘበት የእሷም ወገን ተጽፏል። ከ1936 ዓ.ም. የናኢባና የቃዲዎች ምክር ቤት አዋጅ ወዲህ ደግሞ የቃዲ ፍርድ ቤት በመንግሥት ዕውቅና የሚሠራ ነው፣ ኒካሑ ከዚያ በፊት ቢሆን እንኳ ሰውየው ሲሞት ውርስ የተከፈለው በቃዲ ፊት ሊሆን ይችላል። የውርስ መዝገብ ወርቅ ነው። ሚስት ስንት፣ ልጅ ስንት፣ የት አሉ፣ ሁሉም ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ድርሻ ነው። የየመኗ ሚስት እውነት ካለች እዚያ ትወጣለች፤ ሹክሹክታ ላይ ተመሥርተሽ ወንድም አትፈልጊ፣ ወንድምም አትካጂ።

አክስትሽን በተመለከተ። «አባትሽ ማን ነበር» ብለሽ አትጠይቂያት። ይህ የምርመራ ጥያቄ ነው፣ እሷም በዘመኗ በዚህ ድምፅ የጠየቃት ሰው አይጠፋም። ስለ እናቷ ጠይቂያት። ምን ትሠሪ ነበር፣ ጧት ምን ትበሉ ነበር፣ ሱቁን ማን ይከፍት ነበር። ስልክሽን ቅጂ ላይ አድርገሽ ፊት ለፊቷ አስቀምጪው፣ አትደብቂባት። በምትፈልገው ቋንቋ ታውራ፣ ኦሮምኛም አረብኛም እየቀላቀለች፤ ወደ አማርኛ መልሺልኝ አትበያት። ልጅ ከሆንሽ ጀምሮ የምታውቂውን ታሪክ ስትደግምም አታቋርጪያት፣ በሦስተኛው ጊዜ ሌላ ሰው ይገባበታል።

እና ያ በእርሳስ የተሳለው ክብና መሰላል! አልፈሽው ሄድሽ። ማን ነው የሣለው? አያትሽ ፊደል ታውቅ ነበር? ከማንኛውም ነገር በፊት ደብተሩን ይዘሽ አክስትሽ ዘንድ ሂጂ። ደብዳቤው ይቆይሽ። አረብኛ የሚያነብ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላም አይጠፋም።

ሐረር ስትመጪ ንገሪኝ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም አሳይሻለሁ። አንድ ሰው ከየቤቱ የወጣ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የድሮ ድምፅ እየሰበሰበ ምን ያህል እንደሄደ ስታዪ ወኔ ታገኛለሽ። መሥሪያ ቤት አልነበረም የጀመረው፣ ሰው ነው።

ግሪክ ካምፕ

ድሬ ተወልጄ አቴንስ የማረጅ ሰው ነኝ። አማርኛዬ ከዛገ ይቅርታ።

አንድ ምክር፦ የመጡበትን አገር ሳይሆን የያዙትን ፓስፖርት ተከተሉ። የእኔ አያት ግሪክ ነው፣ ቋንቋውም ጸሎቱም ግሪክ፤ ግን ከሮድስ ስለነበረ ወረቀቱ ሁሉ ጣሊያን ይላል። ሮድስና አካባቢው ያሉት ደሴቶች ከ1912 እስከ 1947 እ.ኤ.አ. በጣሊያን እጅ ነበሩ። እኛ ለስንት ዘመን የግሪክ መዝገብ ስናገላብጥ ኖርን። አርመኖቹም ብዙዎቹ የኦቶማን ተገዢ ሆነው ነው የመጡት። የመን ራሷ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ በኦቶማን ሥር ነበረች፤ በልጅ ኢያሱ ጊዜ ሐረር ላይ የኦቶማን ቆንስላ የነበረው ለዚህም ጭምር ነው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያ ያለ የውጭ ዜጋ ተጣልቶ ሲካሰስ የቆንስሉ እጅ ይገባበት ነበር፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ከምኒልክ ጋር በተፈራረመችው የክሎቡኮውስኪ ውል መሠረት፤ ሌሎቹም መንግሥታት በዚያው ተጠቀሙ። ስለዚህ ዕዳ የከሰሰ፣ ሳይናዘዝ የሞተ፣ ፓስፖርት ያሳደሰ ሰው የቆንስላ ፋይል ውስጥ ሊኖር ይችላል። የፈረንሳይ ቆንስላዎችና ኤምባሲዎች መዝገብ ናንት ከተማ ነው የሚቀመጠው፤ የጅቡቲ ቅኝ ግዛት አስተዳደር ደግሞ ኤክስ አን ፕሮቫንስ። የዓደን የእንግሊዝ አስተዳደር መዛግብት ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ከሕንድ ቢሮ መዛግብት ጋር ናቸው (ዓደን እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የምትተዳደረው ከቦምቤ ስለነበር ነው)፤ ከፊሉን የኳታር ዲጂታል ላይብረሪ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል።

ግን እቅጩን ልንገርሽ፣ የሁጀሪያ ሰው የየመኑ ኢማም ተገዢ እንጂ የእንግሊዝ አይደለም። ዓደን ወደብ ላይ ጭነት የተሸከመን ሰው በስሙ የመዘገበ ጸሐፊ እዚያ ብዙ አታገኚም። ነጋዴው ይጻፋል፣ ኩሊው ይቆጠራል። የጌይ ልጅ ልክ ናት፣ ገንዘብሽን ለንደን አታፍሺው።

አክስትሽ ስለ ዜግነት ፈርታ ከሆነ ደግሞ ይህን ንገሪያት፦ በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። «ወይም እናት» ይላል። በእናቷ በኩል የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ሰው ምንም ቢላት።

ስለ ተጣበቀው ወረቀት፦ አትላጪው። ቢላ አታስጠጊ፣ በእንፋሎትም አትሞክሪ። በጥላ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፣ የሚታየውን ፎቶ አንሺ። ላሚኔት የሚባል ነገር አይነካው፣ ስኮችም እንዲሁ። ፎቶዎቹን ስትልኪ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኪ፣ ጨምቆ ያበላሸዋል፤ «ፋይል» የሚለውን መርጠሽ ላኪ። የሦስቱን ሰዎች ፎቶ ደግሞ ፎቶኮፒ አንሥተሽ ስሙን ኮፒው ላይ ጻፊ እንጂ ዋናው ላይ እስኪሪብቶ አታሳርፊበት።

የመጋላ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሄጄ ነበር፣ ብዙ ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ደብዳቤው። ጌይ ልጅ ይቆይ ብትልም ጂዳ ሌላ የአጎት ልጅ ስላለኝ የአንዱን ራስጌ ፎቶ ላክሁለት። ቀኑ ረጀብ 1352 ሒጅራ ይላል፣ አድራሻው ድሬዳዋ። ሲቆጠር ጥቅምት አጋማሽና ኅዳር መጀመሪያ 1926 ዓ.ም. ይመጣል። ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ተኩል በፊት አያቴ እዚህ ሱቅ ነበረው ማለት ነው። ለሁለቱም አጎቶቼ ነገርኳቸው። የተሸነፈው አጎቴ «ታዲያ ተመልሶ ሄዶ ከጣሊያን ጋር መጥቶ ይሆናል» አለኝ። አቦ፣ ተውኩት።

አሁን ደብተሩ። የቡና ሰዓት መርጬ ሄድኩ፣ ዕጣን አጨስኩ፣ ጀበናው ከወረደ በኋላ ደብተሩን ዘርግቼ «አክስቴ፣ ይህን መሰላል የሣለው ማነው?» አልኳት። ስለ አባቷ አንድ ቃል አላነሣሁም። መነጽሯን አምጪ አለችኝ። ጣቷን መሰላሉ ላይ አሳረፈችና ሳቀች። «ይህማ የለገሃሬው ሰውዬ ነው፣ ዲፖ ላይ ጣሪያ የሚወጣው።» ቀጠለች። ክብ ውስጥ ነጥብ ያለበት ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሦስቱ ጭረት ሦስት ልጅ የያዘች ባሏ የሞተባት ጎረቤት፣ ማጭድ የመሰለው ከገንደ ቆሬ ሣር የሚያመጣው ሰው። ከሥር የተደረደሩት ትናንሽ ጭረቶች የሩብ ኪሎ ቁጥር ናቸው። ተሻግሮ የተሰረዘ ተከፍሏል። ያልተሰረዘ፣ እሷ እንዳለችው፣ «አላህ ዘንድ ነው»።

የሣለችው አያቴ ናት። ፊደል አታውቅም ነበር፣ አረብኛም አማርኛም። አክስቴ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጣ ምልክቱን ስለተማረች ታነበዋለች፤ ከእሷ ሌላ በዓለም ላይ የሚያነበው ሰው የለም።

ጋሼ ጡረተኛ፣ የገንዘቡ ነገር ያልከው ሆነ። የጂዳው የአጎቴ ልጅ ገጾቹን አይቶልኛል። መጀመሪያ ሪያል፣ ከዚያ ሪያልና ሊሬ እየተቀላቀለ፣ ከዚያ ሽልንግ። የአረብኛው ጽሕፈት ሽልንጉ ላይ ሳለ ይቆማል። ብር የሚባል አልደረሰም። አያቴ በ1933 እና በ1937 መካከል ነው የሞተው ማለት ነው፤ ከአባቴ ዕድሜ ጋርም ይገጥማል።

ግን ደብተሩ አይቆምም። አረብኛው ካለቀ በኋላ ወፍራሙ ግማሽ ሙሉ ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። አራት ልጅ ይዛ፣ ደብተር እየሠራች፣ ዕቃ ከቀፊራ ገበያ እያስመጣች፣ የተወረሰውን ቤት የሠራችው እሷ ናት። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሰፈሩም እስከ መጨረሻው «አረብ ቤት» ይለው ነበር፤ አረብ የሌለበት አረብ ቤት። አክስቴን ለምን አልነገራችሁንም ብላት «ማን ጠየቀ?» አለችኝ። ባሏ ሲሞት የአገሩ ሰዎች መጥተው ሱቁ ለወንድሞቹ ይገባል ብለዋት ነበር አሉ። ነገሩን ቃዲ ዘንድ እንደወሰደችው አክስቴ ታስታውሳለች። እንግዲህ ጌይ ልጅ፣ የቃዲው መዝገብ የሚገኝ ከሆነ ሁለታችንም ነን የምንሄደው፣ ሙዚየሙም ከዚያ በኋላ።

እና በስተመጨረሻ የሴት አያቴን የአባት ስም ሰጠችኝ። እስከ አምስት ቤት ቆጠረችው፣ በኦሮምኛ፣ ሳትደነቃቀፍ። የስዊድኗን ልጅ በቪዲዮ አገናኘኋትና ለራሷ ደገመችላት። ልጅቱ የፊደል አጻጻፉን ስትጠይቃት «ጆሮ የለሽም?» ብላ ተቆጣቻት።

ስለ የመኗ ሚስት እስካሁን አልጠየቅኩም። የቤቱን ማኅደርም አልጠየቅኩም፣ ይህ የክረምት ሥራዬ ነው። አሁን የማደርገው እያንዳንዱን ገጽ በደንብ ብርሃን ፎቶ አንሥቼ፣ ገጹን እያሳየኋት የምትለውን በድምፅ መቅዳት ነው። የፋይሉ ስም የገጹ ቁጥር። አንዱ ቅጂ እኔ ዘንድ፣ አንዱ ስዊድን፣ አንዱ ቶሮንቶ ይቀመጣል። ለምራቁ ከከፈለው ያነሰ ነው የሚያወጣው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። አክስቴ ቃል አስገብታኛለች፣ የባለዕዳዎቹ ስም ከቤት እንዳይወጣ። «የልጅ ልጆቻቸው እዚሁ ናቸው፣ ሰው አታዋርጂ» ትላለች። እኔ ደግሞ ደብተሩ የእኛ ብቻ ሳይሆን የመጋላም ይመስለኛል። ማን ስኳር ገዛ፣ ማን በወር መጨረሻ ከፈለ፣ በጣሊያን ጊዜ ማን ዱቤ ተከለከለ፣ ይህን ሌላ የት ታገኙታላችሁ? ምን ትላላችሁ?

ጌይ ልጅ

አክስትሽን ስሚ። ድምፁን ሙሉውን ቅጂ፣ ለሰው የሚታየው ላይ ግን ምልክቱን ብቻ ተዪው። ስሙ ያልተጻፈው ያኔም ቢሆን በምክንያት ነው። እሷ ከፈቀደች ሌላ ነገር ነው፣ ካልፈቀደች የልጅ ልጆቻችሁ በጊዜያቸው ይወስኑ። ቃዲው ዘንድ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ፣ ከጁምዓ ውጭ የፈለግሽውን ቀን ንገሪኝ።

ሸሚንደፈር ጡረተኛ

ልጄ፣ ዲፖ ላይ ጣሪያ የሚወጣው የለገሃሬ ሰው ያልሽው... አባቴ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነበር። መሰላል ተሸክሞ ነው መጋላን የሚያቋርጠው። ከሥሩ ያለው ጭረት ተሰርዟል ወይስ አልተሰረዘም? አትንገሪኝ። ወይም ንገሪኝ።

የመጋላ ልጅ

ጋሼ፣ አክስቴን ጠየቅኳት። በአካል መጥቶ ይጠይቀኝ አለች። ቅዳሜ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ቤት ናት። መነጽር ይዘህ ና፣ እርሳሱ ደብዝዟል፤ ስኳርም ይዘህ ብትመጣ አይከፋም።